ጣቢያ ያልያዘው ራዲዮ

እህቴ ከቨርጂኒያ ስትመጣ አንድ ጥቁር ሄድፎን ይዛልኝ መጣች። "ቢሮህ ፊት ለፊት ሕንፃ እየተሠራ ነው፣ ማሰብ አልቻልኩም ስትለኝ ነበር፤ ይሄ ይገላግልሃል" አለችኝ። ኖይዝ ካንስሊንግ የሚባለው ነው፣ የውጭ ድምፅ የሚያጠፋው። በማግስቱ ቢሮ ይዤው ሄድኩ።

ቢሮዬ ሃያ ሁለት አካባቢ፣ አራተኛ ፎቅ ላይ ነው። ከመንገዱ ማዶ ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ጀምሮ የኮንክሪት ሚክሰር ይዞራል። መብራት ሲሄድ ደግሞ ጄኔሬተሩ ይነሳል። ሄድፎኑን ጆሮዬ ላይ አደረግኩና ቁልፉን ተጫንኩ። ሚክሰሩ ወዲያው ሩቅ ሄደ። ጄኔሬተሩ ጠፋ። እፎይ ልል ስል ሌላ ድምፅ መጣ። ቀጭን፣ የማያቋርጥ፣ ጭው የሚል። የድሮ ቴሌቪዥን ተከፍቶ ምስሉ ሳይመጣ በፊት የሚያሰማው ዓይነት ፉጨት።

ዕቃው የተበላሸ መሰለኝ። አወለቅኩት፤ ጠፋ። መልሼ አደረግኩት፤ መጣ። ቁልፉን ሳጠፋው ይቀንሳል፣ ሳበራው ይጨምራል። ሦስት አራት ጊዜ እንዲህ ካደረግኩ በኋላ ሄድፎኑን ጭኔ ላይ አስቀምጬ ዝም አልኩ። ድምፁ የሄድፎኑ እንዳልሆነ ገብቶኛል። የእኔ ነው።

ከዚያ በፊትም አውቀው ነበር። ሌሊት ስነቃ፣ ወይም ሰርግ ላይ ስፒከር አጠገብ ተቀምጬ ካመሸሁ በኋላ ይመጣል፤ ከዚያ ይሄዳል። ልጆች ሆነን ጆሯችን ጭው ሲል "ሰው እያማህ ነው" ነበር የምንባለው። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ይባላል፤ የሰውን ሁሉ ይሰማል፣ ስለ ባለቤቱ የሚወራውን ግን አይሰማም። እኔም ማን ይሆን ስሜን ያነሳው ብዬ እተወው ነበር። የዚያን ቀን ግን ልተወው አልቻልኩም። ስፈልገው አገኘዋለሁ። ሳልፈልገውም አገኘዋለሁ።

ሚክሰሩ የደበቀው

የሚቀጥሉት ሦስት ሳምንታት ከባድ ነበሩ። ሄድፎኑን መሳቢያ ውስጥ ከተትኩት። ፍርሃቴ አንድ ነበር፤ ይህ ዕቃ ጆሮዬን ጎድቶት ይሆን? አልጋ ላይ ስወጣ መጀመሪያ የማደርገው ነገር ማዳመጥ ሆነ። አለ? አለ። ከትናንት ይብሳል? የሚብስ ይመስለኛል። እንዲህ እያልኩ ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ይሆናል። አጠገቤ ለተኛችው ባለቤቴ አልነገርኳትም። ምን ብዬ ልንገራት? የማይታይ፣ ሌላ ሰው የማይሰማው ነገር ነው። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ሲባል እየሰማሁ ነው ያደግኩት። ግን ደበቅኩ።

መጀመሪያ የሄድኩበት ክሊኒክ ጆሮዬን በመብራት አይተው "ንጹሕ ነው፣ ምንም የለብህም" ብለው ሸኙኝ። ምንም የለብህም መባል ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር። ይበልጥ አስጨነቀኝ። ምንም ከሌለብኝ ታዲያ የሚጮኸው ምንድን ነው?

ሁለተኛው ሐኪም የጆሮ፣ የአፍንጫና የጉሮሮ ስፔሻሊስት ናቸው። ጠና ያሉ፣ ሲናገሩ የማይቸኩሉ ሰው። ድምፅ በማያስገባ ትንሽ ክፍል ውስጥ የመስማት ምርመራ አስደረጉልኝ። ውጤቱ ወረቀት ላይ የተሰመረ መስመር ነው። መስመሩ ደህና እየሄደ ይመጣና 4,000 ኸርዝ (የድምፅ ቅጥነት መለኪያ ነው) ላይ ሲደርስ ገደል እንደገባ ሁሉ ቁልቁል ይወርዳል። ከዚያ መልሶ ትንሽ ይነሳል። እስክሪብቷቸውን እዚያ ገደል ላይ አድርገው "ልጅ ሆነህ የት ነው ያደግከው?" አሉኝ።

ደብረ ብርሃን። ወፍጮ ቤት ውስጥ።

አባቴ የናፍጣ ወፍጮ ነበረው። ከትምህርት ቤት እንደወጣን ቀጥታ ወደዚያ ነው። ገብስ፣ ስንዴ፣ ባቄላ። ሞተሩ ሲነሳ የቆርቆሮው ግድግዳ ይንቀጠቀጣል። ወረፋ የያዙት ሴቶች በእጅ ምልክት ነበር የሚግባቡት። እኔና ወንድሜ ቺንጋው አጠገብ ቆመን ዱቄቱን በጆንያ እንቀበላለን። አፍንጫችንን በጨርቅ እናስር ነበር፣ ዱቄቱ ስለሚያስነጥስ። ጆሮን ማን ያስባል? ማታ ቤት ስንገባ እናታችን የምታወራው ከሩቅ ነበር የሚሰማን። ጠዋት ይለቀናል። ስለለቀቀን ያለፈ ይመስለናል። ውሃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው።

ሐኪሙ ቀስ ብለው አስረዱኝ። በውስጠኛው ጆሮ፣ ቀንድ አውጣ በሚመስለው ክፍል ውስጥ፣ ድምፅ የሚቀበሉ ጥቃቅን የፀጉር ሴሎች አሉ። በአንድ ጆሮ 15,000 ገደማ ናቸው። አንዴ ከሞቱ የሰው ጆሮ መልሶ አያበቅላቸውም። በሥራ ቦታ 85 ዴሲቤል (የድምፅ ጉልበት መለኪያ ነው) የሆነ ድምፅ በቀን ከስምንት ሰዓት ላልበለጠ ጊዜ ቢሰማ ነው ልክ የሚባለው። ከዚያ በ3 ዴሲቤል በጨመረ ቁጥር ጊዜው በግማሽ ይቀንሳል። 88 ላይ አራት ሰዓት፣ 91 ላይ ሁለት ሰዓት። እኛ ከሞተሩ አጠገብ ስንት ሰዓት እንደቆምን የቆጠረ የለም።

ሴሎቹ ሲጎድሉ ወደ አንጎል የሚሄደው ድምፅ ይቀንሳል። አንጎል ደግሞ የቀረበትን ለማግኘት ማጉያውን ከፍ ያደርጋል። ከፍ ሲያደርግ የራሱን ሽውታ መስማት ይጀምራል። ብዙ ተመራማሪዎች የሚስማሙበት ማብራሪያ ይህ ነው። ስሙም ቲኒተስ ይባላል።

"ታዲያ ሄድፎኑስ?" አልኳቸው። "ሄድፎኑ አላመጣውም፣ ገለጠው እንጂ" አሉኝ። ሆድ ያባውን ብቅል ያወጣዋል። የእኔን ደግሞ፣ ሚክሰሩ የደበቀውን፣ ጸጥታው አወጣው።

ማሽኑ የማይሰማው ድምፅ

ዕቃውን ከመፍራት ይልቅ እንዴት እንደሚሠራ ማንበብ ጀመርኩ። ሐሳቡ የቆየ ነው። ፓውል ሉግ የተባለ ጀርመናዊ ድምፅን በድምፅ ለማጥፋት አሜሪካ ውስጥ የፈጠራ መብት ያገኘው እ.ኤ.አ. በ1936 ነው። ለጆሮ እንዲሆን ካደረጉት መካከል ስሙ ጎልቶ የሚነሳው ደግሞ የቦዝ ድርጅት መሥራች አማር ቦዝ ነው። እ.ኤ.አ. በ1978 ከዙሪክ ወደ ቦስተን ሲበር የተሰጠው ሄድፎን የሞተሩን ድምፅ አላሸንፍ ቢለው፣ እዚያው መቀመጫው ላይ ሒሳቡን መሥራት ጀመረ። ድርጅቱ ለሽያጭ ያቀረበው ግን እ.ኤ.አ. በ1989፣ ለአብራሪዎች ነበር።

አሠራሩ ለማስረዳት ቀላል ነው። ሄድፎኑ ላይ ያሉት ትንንሽ ማይክሮፎኖች የውጩን ድምፅ ይሰማሉ። ድምፅ የአየር ሞገድ ነው፤ ከፍ ይላል፣ ዝቅ ይላል። ማሽኑ ግልባጩን ያወጣል። ያኛው ከፍ ሲል ይሄኛው ዝቅ ይላል። ሁለቱ ሲገናኙ ይጣፋሉ። በተለይ የሚዋጣለት ወፍራምና የማያቋርጥ ድምፅ ላይ ነው፤ ሞተር፣ ጄኔሬተር፣ አውሮፕላን። ቀጭን ድምፅና የሰው ንግግር ላይ ብዙም አይደለም። እዚያ ላይ የሚያግዘው ጆሮን የሚከድነው ትራስ ራሱ ነው።

ይህን ሳነብ ነው የቢሮው ጠዋት የገባኝ። የእኔ ፉጨት አየር ላይ የለም። ማይክሮፎኑ አይሰማውም። ያልሰማውን ነገር ግልባጭ ደግሞ ማውጣት አይችልም። ስለዚህ ዙሪያውን ያለውን ወፍራም ድምፅ ሁሉ ጠርጎ ቀጭኑን ብቻውን ያስቀምጠዋል። ገበያ ሲበተን አንድ ሻጭ ብቻውን ቀርቶ ሲጣራ እንደማለት ነው። ሰውየው ድሮም ይጣራ ነበር። ድምፁንም አልጨመረም። ገበያው ነው የተበተነው።

ሌላም ያሳረፈኝ ነገር አለ። እ.ኤ.አ. በ1953 ሄለርና በርግማን የተባሉ ሁለት አሜሪካውያን ተመራማሪዎች ጆሯቸው ደህና የሆነ 80 ሰዎችን ድምፅ በማያስገባ ክፍል አስቀምጠው የሚሰሙትን ጠየቋቸው። ከመቶ 94ቱ የሆነ ነገር ሰማን አሉ። ሽ የሚል፣ እዝ የሚል፣ የሚያፏጭ። ክፍሉ ውስጥ ምንም አልነበረም። ጸጥታ ራሱ ድምፅ ያወጣል ማለት ነው፣ ጤነኛ ጆሮ ላይ እንኳ። እ.ኤ.አ. በ2022 የወጣ ትልቅ ጥናት ደግሞ ከአዋቂዎች ከመቶ 14 ያህሉ፣ በዓለም ከ740 ሚሊዮን በላይ ሰው፣ ቲኒተስ አጋጥሞታል ይላል። ይህን ሁሉ ሰው ሳስብ፣ ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ላይ የነቃሁት እኔ ብቻ እንዳልሆንኩ ተሰማኝ።

ግን ማወቅ እንቅልፍ አላመጣልኝም።

"እንዳይይዝ ነው ያደረግኩት"

በዚያው ሰሞን ለጥምቀት ደብረ ብርሃን ሄድኩ። አባቴ እናቴ ካረፈች ወዲህ ብቻውን ነው። ወፍጮውን ከሸጠ 19 ዓመት ሆኖታል። የጥር ብርድ ስለማይቻል እሱ ክፍል፣ ወለሉ ላይ ፍራሽ ዘርግቼ ተኛሁ።

ራስጌው ላይ ያቺ ራዲዮ አለች። ባትሪዋ እንዳይወድቅ በላስቲክ የታሰረች፣ አንቴናዋ ከግማሽ የተሰበረ። ሁልጊዜ ከፍቷት ነው የሚተኛው። እኛ ዜና ሲሰማ እንቅልፍ የሚጥለው ይመስለን ነበር። የዚያን ሌሊት ነቅቼ ስለነበር ግን ልብ አልኩ። ራዲዮዋ አታወራም። አትዘፍንም። ሁለት ጣቢያዎች መሐል ቆማ ሽሽሽሽ ትላለች። ጣቢያው አምልጧት ነው ብዬ ቀስ ብዬ ተነሳሁና አጠፋኋት። ባትሪው እንዳያልቅበት ማሰቤ ነበር።

የደብረ ብርሃን ሌሊት ጸጥ ሲል ሌላ ነው። ውሻ እንኳ የሚጮኸው አልፎ አልፎ ነው። ፉጨቱ ወዲያው መጣ። ብርድ ልብሴን ሳብ አደረግኩ። አንድ ደቂቃ ቢሆን ነው። አልጋው ሲንቋቋ ሰማሁ።

"ማነው ያጠፋው?"

"እኔ ነኝ አባዬ። ጣቢያ አልያዘም እኮ።"

"አውቃለሁ።" ትንሽ ዝም አለ። "እንዳይይዝ ነው ያደረግኩት።"

ቀና ብዬ ተቀመጥኩ። ጨለማው ውስጥ እጁ ራዲዮዋን ሲዳብስ ይሰማኛል። ቀጭ አለ። ሽሽሽሽ።

"ለምን?"

"ወፍጮው እንዳይሰማኝ።"

መጀመሪያ በእንቅልፍ ልቡ የሚያወራ መሰለኝ። ወፍጮው የለም። ቦታው ላይ አሁን የሕንፃ መሣሪያ መሸጫ ነው። "የቱ ወፍጮ?" አልኩት።

"ይሄ ጆሮዬ ውስጥ ያለው። ሌሊት ሌሊት ይፈጫል። ራዲዮዋ ስትኖር..." ቃል ፈለገ። "ስትኖርም አለ። ግን በዝናብ ውስጥ እንደሚያልፍ መኪና ነው። ይሰማሃል፣ ግን አትከተለውም።"

"መቼ ጀመረህ?"

"እናትህ ሳለች።"

"ነግረሃት ነበር?"

"ምን ብዬ ልንገራት?"

ይህን ሲለኝ ሰውነቴን ውርር አደረገኝ። እኔም ስለ ባለቤቴ ለራሴ ያልኩት ይህንኑ ነው። በዚሁ ቃል። አባቴን ያህል ሰው፣ በኩንታል ጆንያ ትከሻው የማይዝለው፣ ይህን ሁሉ ዓመት ሌሊት ሌሊት ብቻውን ወፍጮ ሲሰማ ኖሯል። ከእሱ አጠገብ የተኛችው እናቴ አላወቀችም። ሌላው ክፍል የተኛነው እኛ አላወቅንም። ራዲዮዋን ግን ሁላችንም እንሰማ ነበር። "አባዬ ራዲዮ ይወዳል" እንል ነበር። ስንት ነገር ነው እንዲህ በሌላ ስም የምንጠራው?

"እኔንም ይጮህብኛል አባዬ" አልኩት።

ረጅም ጊዜ ዝም አለ። የሰማኝ አልመሰለኝም። ጆሮው እንደ ድሮው አይደለም። ከዚያ "ቺንጋው አጠገብ ላቆማችሁ አይገባም ነበር" አለ።

ያን ጊዜ የምመልሰው አጣሁ። ከዚያ ወዲህ ብዙ ጊዜ አስቤዋለሁ። ያ ወፍጮ ነው ያስተማረን። ደብተር የገዛልን፣ እህቴን አሜሪካ ድረስ ያደረሳት የዚያ ሞተር ድምፅ ነው። ጆሮ እንደሚጎዳ የነገረው ሰው አልነበረም። እሱ ራሱ ከእኛ ይልቅ ለሞተሩ ቀርቦ ነበር የሚቆመው። ይህን ሁሉ ልነግረው ይገባኝ ነበር። የመጣልኝ ግን "ትንሽ ከፍ አድርግልኝ፣ ለእኔም እንዲደርሰኝ" የሚል ብቻ ነው። ከፍ አደረገው። በጣም አይደለም፤ አንድ ጣት ያህል ቢዞር ነው። ሽሽታው ወለሉ ድረስ መጣ። ፉጨቱ ነበር። ግን ከሽሽታው በስተጀርባ ነበር። ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ ነው የነቃሁት፣ ከሳምንታት በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ።

ሄድፎኑን ከመሳቢያ አወጣሁት

አዲስ አበባ ተመልሼ ለሐኪሙ ነገርኳቸው። ፈገግ አሉ። አባቴ ብቻውን የደረሰበትን ነገር ሐኪሞች በድምፅ መደገፍ ይሉታል። ፓዌል ያስትሬቦፍ የተባለ ሳይንቲስት እ.ኤ.አ. በ1990 ባወጣው ሐሳብ ላይ ተመሥርቶ የመጣ የሕክምና መንገድ አለ። ዓላማው ፉጨቱን ማጥፋት ሳይሆን አንጎል አደጋ አይደለም ብሎ እንዲተወው ማልመድ ነው። የሚከፈተው ድምፅም ፉጨቱን ሙሉ በሙሉ መሸፈን የለበትም። ከተሸፈነ አንጎል ምኑን ይለምዳል? ትንሽ ዝቅ ብሎ፣ ጎን ለጎን መሄድ አለበት። ይሰማሃል፣ ግን አትከተለውም፣ እንዳለው አባቴ።

አሁን ሄድፎኑን የምጠቀመው በዚህ መንገድ ነው። ሚክሰሩ ሲዞር ወይም ታክሲ ውስጥ ስሆን ኖይዝ ካንስሊንጉን አበራለሁ፤ ግን ባዶውን አላበራውም። ከሥሩ የዝናብ ድምፅ ዝቅ አድርጌ እከፍታለሁ። ጥቅሙ እዚህ ላይ ነው ብዬ አምናለሁ። ድሮ በተራ ኤርፎን ስሰማ ሚክሰሩን ለማሸነፍ ድምፁን እስከ መጨረሻው እጨምር ነበር። ጆሮዬን ሁለት ጊዜ ነበር የምጎዳው። አሁን ውጩ ስለሚቀንስ ግማሽ ሳይደርስ ይበቃኛል። የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂ ሰው የሚመክረው በሳምንት 40 ሰዓት ቢሰማ 80 ዴሲቤል እንዳያልፍ ነው።

ቤት ስገባ፣ ቀድሞውኑ ጸጥ ባለበት፣ አላደርገውም። ቀኑን ሙሉ መዋልም አልሞክርም። ሐኪሙ አጥብቀው የነገሩኝ አንድ ነገር ይህ ነው፤ ከድምፅ ሁሉ የሚሸሽ ጆሮ ቀስ በቀስ ተራውን ድምፅ እንኳ መቋቋም ያቅተዋል። ማዶ ያለው ሕንፃ ላይ ብረት መቁረጥ ሲጀምሩ ደግሞ በሄድፎኑ አልተማመንም። ለሙዚቃ የተሠራ ነው፣ ለሥራ ቦታ መከላከያ አይደለም። እዚያ አካባቢ ካለፍኩ የስፖንጅ የጆሮ መድፈኛ ኪሴ ውስጥ አለ።

ቲኒተስ ያለበት ሰው እነዚህን ሄድፎኖች ጭራሽ መንካት የለበትም የሚሉ አጋጥመውኛል። አልስማማም። "ፍጹም ጸጥታ" እያሉ የሚሸጡት ግን ለእኛ የሚሆነውን አልነገሩንም። ለእኛ የሚሆነው ጸጥታ አይደለም። አንዳንድ ሰው ደግሞ ሲበራ ጆሮው የሚደፈን ዓይነት ስሜት ይሰማዋል። ካልተመቸ አለማብራት ነው።

አንድ ነገር ሳልናገር ማለፍ አልፈልግም። ፉጨቱ በአንድ ጆሮ ብቻ ከሆነ፣ ከልብ ምት ጋር እኩል የሚመታ ከሆነ፣ ማዞር ካለው፣ ወይም ጆሮ በድንገት መስማት ካቆመ ሄድፎንና ዝናብ ላይ ጊዜ አታጥፉ። ያኑ ቀን ሐኪም ዘንድ ሂዱ። ነጭ ሽንኩርት በዘይት አሙቆ ጆሮ ውስጥ መጨመርም ይቅር፤ ከልቤ ነው የምለምናችሁ።

ፉጨቱ ዛሬም አለ። እንቅልፍ ባጣሁ ማግስት፣ ወይም ጭንቀት ሲበዛብኝ ይበረታል። ለባለቤቴ ነግሬያታለሁ። "ታዲያ ለዚህ ነው ሳታየው ቴሌቪዥኑን ከፍተህ የምትተኛው?" አለችኝ። ለካ እሷም በሌላ ስም ታውቀው ኖሯል።

ለፋሲካ ደብረ ብርሃን ስሄድ ሄድፎኑን ይዤ ሄድኩ። አባቴን አልጋው ላይ አስቀምጬ ጆሮው ላይ አደረግኩለት። የኖይዝ ካንስሊንጉን ቁልፍ አልተጫንኩም። ዝናቡን ብቻ፣ ዝቅ አድርጌ ከፈትኩለት። ዓይኑን ጨፍኖ ቆየ። "ክረምት ነው" አለ። ትንሽ ቆይቶ ሁለት እጁን አንስቶ ቀስ ብሎ አወለቀውና ጭኔ ላይ አስቀመጠው።

"ጥሩ ነው። ለአንተ ይሁን። እኔ ራዲዮዋን ለምጃታለሁ።"

"እንግዲያስ አንቴናዋን ላሠራልህ።"

"ተዋት ልጄ" አለ፣ ላስቲኳን እያጠበቀ። "ተሠርታ ጣቢያ ብትይዝብኝስ?"